ስለ ድምፅ መለወጫ አመራረጥና ስለ አንድ የበገና ካሴት

በዚህ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ምግብ አዘገጃጀትና ስለ ቤት አያያዝ መጻፍ የዘወትር ልማዳችን ነው። ዛሬ ግን በአንዳንድ ቤት ባልና ሚስትን እስከ ማከራከር ስለ ደረሰ አንድ ትንሽ ዕቃ ልንናገር አሰብን። ዕቃው በመጠኑ ከድስት ክዳን የማይበልጥ ሲሆን፣ ዋጋው አንዳንድ ጊዜ የአንድ ቤተ ሰብ የብዙ ወር ቀለብ ይሆናል። ሙሉ ስሙ ዲጂታሉን ወደ አናሎግ መለወጫ ነው፤ የውጭ አገር ሰዎች ይህን ረጅም ስም በየቃሉ መጀመሪያ ፊደል አሳጥረው ዳክ ይሉታል። እኛ በዚህ ጽሑፍ መለወጫ እያልን እንጠራዋለን።

ለመጻፋችን ምክንያት የሆነው ነገር እንዲህ ነው። በአዲስ አበባ የሚኖሩ ባልና ሚስት ወዳጆች አሉን። የቤቱ ጌታ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሙዚቃ ወዳድ ናቸው፤ በሳሎናቸው አንድ አምፕሊፋየርና ሁለት ስፒከሮች አኑረው፣ ከላፕቶፕ ጋር አገናኝተው፣ ማታ ማታ ከሥራ ሲመለሱ የጥላሁን ገሠሠንና የማሕሙድ አሕመድን ዘፈን ይሰማሉ። በዚያ ቤት ከዘፈኑ ሁሉ ይልቅ የሚከበር ግን አንድ ቀረጻ አለ። የእመቤቲቱ አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በገና ደርዳሪ ነበሩ። በደርግ ዘመን መጨረሻ ላይ፣ በአንድ የዐቢይ ጾም ምሽት፣ በገና ሲደረድሩ ከልጆቻቸው አንዱ በካሴት ቀርጾአቸው ነበር። ካሴቱ በኋላ ጊዜ ወደ ኮምፒዩተር ተገልብጦ ቤተ ሰቡ ሁሉ በየስልኩ ይዞት ይኖራል። ከእኒያ ሰው ድምፅ በዚህ ዓለም የቀረው ይህ ብቻ ነው።

የቀረጻው ድምፅ ግን የታፈነ ነው። በገናው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የሚደረደር ይመስላል። የቤቱ ጌታ ጉድለቱ የመለወጫው ነው ብለው አመኑ። በዚያው ወራት ዕቁባቸው ደርሶአቸው ስለ ነበረ፣ በዋሽንግተን የሚኖረው የሚስታቸው ወንድም ለፋሲካ ሲመጣ የ900 ዶላር መለወጫ ይዞላቸው እንዲመጣ ሊልኩበት ቈረጡ። እመቤቲቱ ደግሞ የጓዳው ጣራ ቈርቆሮ ከክረምት በፊት መለወጥ እንዳለበት ያውቃሉ። «ያባቴን ድምፅ አጥርቶ መስማት እኔ ጠልቼ አይደለም፤ ነገር ግን ገንዘቡ ሄዶ ድምፁ እንደ ነበረው ቢሆን ማንን እንጠይቃለን?» አሉ። የቤቱ ጌታም «መሣሪያው ሲሻሻል ልዩነቱ እንደሚሰማ የሞከረው ሰው ሁሉ ይመሰክራል» ብለው መለሱ። ነገሩ ሁለት ሳምንት ያህል በምሳም በእራትም ሰዓት ከተነሣ በኋላ፣ እኛ እንደ ሽማግሌ ተጠራን።

ፍርድ ከመስጠት በፊት መለወጫው ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ድምፅ የአየር መናወጥ ነው። ዘፈን በዲጂታል ሲቀረጽ ይህ መናወጥ በየቅጽበቱ እየተለካ ልኩ በቁጥር ይጻፋል። በሲዲ ላይ ልኩ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 44,100 ጊዜ ይጻፋል፤ እያንዳንዱም ልክ በ16 ቢት ይገለጻል፤ ይህም 65,536 ልዩ ልዩ ደረጃ ማለት ነው። ቁጥሩ ግን በራሱ ድምፅ የለውም። ስፒከርን የሚያንቀሳቅሰው የኤሌክትሪክ ማዕበል ስለ ሆነ፣ ቁጥሩን አንብቦ ወደ ማዕበልነቱ የሚመልሰው መሣሪያ ያስፈልጋል። መለወጫ የሚባለውም ይኸው ነው።

በቀድሞ ዘመን ፊደል ያልቈጠረ ሰው ደብዳቤ ሲመጣለት ወደ ደብተራ ወይም ወደ ተማሪ ልጅ ወስዶ ያስነብብ ነበር። ቁጥሩ ደብዳቤው ነው፤ መለወጫውም አንባቢው ነው። አንባቢው ቢንተባተብ መልእክቱ ይበላሻል። አንድ ጊዜ አጥርቶ ካነበበው ግን፣ ከእርሱ የበለጠ ስመ ጥር አንባቢ በብዙ ገንዘብ ቢመጣ፣ ጸሐፊው ያልጻፈውን ቃል ከወረቀቱ ላይ ሊያወጣ አይችልም።

በየቅጽበቱ የተለካ ድምፅ እንደ ደረጃ የተቈራረጠ ነው፣ ውድ መለወጫ ደግሞ ያለሰልሰዋል ብለው የሚያምኑ ብዙ ሰዎች አሉ። ሻጮችም የደረጃውን ሥዕል ማሳየት ይወዳሉ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1928 ሃሪ ናይኲስት መሠረቱን የጣለውና በ1949 ክሎድ ሻነን አስፍቶ ያሳተመው ሕግ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) እንደሚያስረዳው፣ አንድ ማዕበል በውስጡ ካለው ከፍተኛ ንዝረት ከእጥፍ በሚበልጥ ብዛት ከተለካ፣ ሙሉ ቅርጹ ሳይጐድል ከልኮቹ ሊመለስ ይችላል። የወጣት ሰው ጆሮ በሴኮንድ ከ20 እስከ 20,000 ንዝረት ይሰማል፤ ዕድሜ እየጨመረ ሲሄድ ከላይ በኩል ያለው እየቀነሰ ይመጣል። 44,100 ደግሞ ከ20,000 እጥፍ ይበልጣል። እንግዲህ ተራ ሲዲ ለሰው ጆሮ የሚበቃውን ሁሉ መያዝ ይችላል ማለት ነው።

ሁለተኛም፣ ዘመናዊ ስልክ፣ ላፕቶፕ ወይም ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ሁሉ መለወጫ አለው፤ በውስጣቸው ተሠርቶ የገባ ነውና። ስለዚህ መለወጫ እንግዛ ሲባል የሌለውን መግዛት ሳይሆን ያለውን በሌላ መተካት መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ሲዲ ማጫወቻ ለገበያ በወጣበት በ1982 ጥሩ መለወጫ መሥራት ከባድ ጥበብ ነበር፤ የፊሊፕስ ኩባንያ የመጀመሪያዎቹ ማጫወቻዎች 16ቱን ቢት እንኳ ሙሉ በሙሉ የማይዝ ባለ 14 ቢት መለወጫ አስገብተው ጉድለቱን በሌላ ብልኀት ያሟሉት ነበር። ዛሬ የአፕል ኩባንያ ለጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ብሎ በአሜሪካ በ9 ዶላር ሲሸጠው የኖረው አጭር ገመድ በጫፉ ውስጥ መለወጫ አለው፤ መለኪያ የያዙ ሰዎችም መርምረው ከሲዲ ንጽሕና ጋር የሚወዳደር ሆኖ አግኝተውታል። ከውስጡ ያለው ቺፕ ኢኤስኤስ ነው፣ ኤኬኤም ነው እያሉ የሚከራከሩ ሰዎች እንዳሉ እናውቃለን። በጥቅምት 2020 በጃፓን ኖቤኦካ ከተማ የኤኬኤም ፋብሪካ ሲቃጠል፣ ብዙ መለወጫ ሠሪዎች ዕቃቸውን በሌላ ኩባንያ ቺፕ እንደ ገና ማዘጋጀት ግድ ሆኖባቸው ነበር። አድማጩ ግን ወደ ቤቱ ገብቶ ይህንን በጆሮው ያወቀው ስለ መሆኑ እንጠራጠራለን።

በተቀጠረው ማታ ወደ ወዳጆቻችን ቤት ሄድን። የቤቱ ጌታ ሊገዙት የተመኙትን የሚመስል ውድ መለወጫ ከአንድ የቀረጻ ቤት ባለቤት ተውሰው ቈይተውናል። ቡና ከተጠጣ በኋላ በመጀመሪያ አንድ የማሕሙድን ዘፈን በአሮጌው፣ ማለት በላፕቶፑ ላይ በተሰካው በርካሹ ገመድ፣ ሰማን፤ ቀጥሎ ያንኑ በውዱ ሰማን። ልዩነቱ ግልጽ ነበር። ባሱ ሞላ፣ የሳክስፎኑ ድምፅ ቀረበ፣ ዘፋኙ ከስፒከሩ ወጥቶ ከመካከላችን የቆመ መሰለ። የቤቱ ጌታ ዝም ብለው ተመለከቱን። እመቤቲቱም ጣራቸውን እያሰቡ «እውነት ነው፣ ይሻላል» አሉ። እኛም አለመመስከር አልቻልንም።

በዚህ ጊዜ የኤሌክትሪክ ምህንድስና የምትማረው ልጃቸው ከክፍሏ ቴስተር ይዛ መጣች። «አባዬ፣ እስቲ ድምፃቸው እኩል ይሁንና እንስማው» አለች። በሴኮንድ 100 ጊዜ የሚናወጥ አንድ ወጥ ድምፅ በላፕቶፑ ከፍታ፣ ቴስተሩን በስፒከሩ ገመድ መሰኪያ ላይ ይዛ በሁለቱ መለወጫዎች ተራ በተራ ለካችው። ውዱ የሚሰጠው ቮልት የርካሹን እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በመደርደሪያ ላይ የሚቀመጡ መለወጫዎችና የሲዲ ማጫወቻዎች ብዙውን ጊዜ እስከ 2 ቮልት ያወጣሉ፤ ለስልክ የተሠሩት ትንንሾች ግን 1 ቮልት ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ይሰጣሉ። የቮልቱ እጥፍ መሆን 6 ዴሲቤል ልዩነት ነው። የሰው ጆሮ ደግሞ የታወቀ ድካም አለበት፤ ትንሽ ከፍ ብሎ የተሰማው ድምፅ ከፍ ያለ ሳይሆን የጠራ፣ የሞላና ሕይወት ያለው ሆኖ ይታየዋል። አንባቢዎቻችን በሱቅ ውስጥ ሁለት ዕቃ እያፈራረቀ የሚያሰማ ሻጭ ሲያጋጥማቸው ይህንን እንዳይረሱ እንለምናለን።

ልጅቱ የውዱን መለወጫ ድምፅ ቀንሳ ሁለቱን በቴስተሩ ላይ እኩል አደረገቻቸው። ከዚያ በኋላ በሁለቱ ፊት አንድ ጋቢ ጋርዳ፣ ሳንቲም እየጣለች፣ የወጣላትን እያጫወተች፣ በደብተር መጻፍ ጀመረች። እኛ የምንመልሰው «ይህ ውዱ ነው» ወይም «ይህ ርካሹ ነው» ብቻ ነበር። ሙከራው 16 ጊዜ ተደረገ። ሳንቲም ራሱ ቢመልስ 8 ያህል ይገጥመዋል፤ ሰው በእርግጥ ይለያል ለማለት ከ16 ቢያንስ 12 ማግኘት አለበት። የቤቱ ጌታ 9 አገኙ። እመቤቲቱ 7 አገኙ። እኛ 6 ብቻ ስላገኘን ደብተሩ እንዲዘጋ ጠየቅን።

ይህ የአንድ ቤት ሙከራ ነው፤ ነገር ግን በሰፊው ያጠኑትም ሰዎች ከዚህ እጅግ የራቀ ነገር አላገኙም። በ2007 ብራድ ማየርና ዴቪድ ሞራን የተባሉ አሜሪካውያን በድምፅ ምህንድስና ማኅበር መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ ከሲዲ በላይ ጥራት አለው የሚባለውን ቀረጻ በቀጥታ ሲሰማና በሲዲ ልክ ተጠብቦ ሲሰማ አድማጮች ይለዩት እንደ ሆነ ፈተኑ። ከ554 ሙከራ ትክክል የሆነው 276 ነበር፤ ይህም ግማሹ ማለት ነው። በ2016 ደግሞ ጆሹዋ ሪስ የተባለ የለንደን ሊቅ ቀደም ሲል የተደረጉ 18 ጥናቶችን፣ ከ12,500 የሚበልጡ ሙከራዎችን አንድ ላይ ሰብስቦ ቢመረምር፣ ትክክለኛው መልስ ከመቶ 52.3 ሆኖ አገኘው። እንግዲህ ልዩነት ፈጽሞ የለም ማለት አይደለም፤ በተለይ የተለማመደ ጆሮ ያላቸው ሰዎች ከዚህ ጥቂት ከፍ ይላሉ። ዳሩ ግን እንዲህ ያለውን ቀጭን ልዩነት ለመፈለግ ጣራ ሳይከደን መቅረት አለበት ብለን አናምንም።

በዚያው ማታ ግን ሁላችንም ያለ ምንም ፈተና የሰማነው አንድ እውነተኛ ጉድለት ነበረ። ዘፈኑ ሲቆም ከስፒከሮቹ እንደ ንብ ያለ ዝዝታ ይመጣል፤ በላፕቶፑ ላይ ማውዙ ሲንቀሳቀስም አብሮ ይጮኻል። የላፕቶፑ ቻርጀር ከሶኬት ሲነቀል ዝዝታው ጠፋ፤ ሲሰካ ተመለሰ። የሚያስገርመው ግን 900 ዶላር በሚያወጣውም መለወጫ መምጣቱ ነው። ይህ የመለወጫው ጥራት ጉዳይ አይደለም። ላፕቶፑና አምፕሊፋየሩ ከመብራቱ መስመር ጋርም እርስ በርሳቸውም በገመድ ስለሚገናኙ የማይፈለግ ኤሌክትሪክ በድምፁ ገመድ ላይ ይዞራል፤ የምድር ገመድ በደንብ ባልተዘረጋበት ቤት ደግሞ ይብሳል። መድኃኒቱ ሁለቱን በኤሌክትሪክ መለያየት ነው። የብርሃን ገመድ፣ በባለሙያዎች አጠራር ኦፕቲካል የሚባለውና የቶሺባ ኩባንያ በ1983 ያወጣው፣ ድምፁን በብርሃን ስለሚያሳልፍ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ላፕቶፑ የብርሃን መውጫ ከሌለው በዩኤስቢ ገመድ መካከል የሚገባ ኢሶሌተር የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ። ለቤተ ሰቡ የመከርነው ይህንኑ ነው።

አዲስ መለወጫ መግዛት በእርግጥ የሚገባበት ጊዜ አለ። የላፕቶፑ የራሱ የጆሮ መሰኪያ የሚንሾካሾክ ወይም የሚንኮሻኮሽ ከሆነ፣ አዲሱ ስልክ የጆሮ መሰኪያ ከሌለው፣ ቴሌቪዥኑ የብርሃን መውጫ ብቻ ኖሮት አምፕሊፋየሩ አሮጌ ከሆነ፣ ወይም ያለው ዕቃ ድምፁ አንሶ አምፕሊፋየሩን እስከ መጨረሻው መክፈት ግድ ከሆነ፣ መግዛት ተገቢ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ዶላር ድረስ በሚያወጡት መካከል ጆሮ ከሚለየው በላይ ንጹሕ የሆነ አይታጣም። ከዚያ በላይ የሚከፈለው ለመውጫና ለመግቢያ ብዛት፣ ለርቀት መቈጣጠሪያ፣ ለሣጥኑ ውበት ነው። ለውበት መክፈል ነውር አይደለም፤ ለውበት መክፈልን ለድምፅ መክፈል ብሎ መጥራት ግን ለእመቤቲቱ ትክክለኛ ሒሳብ መስጠት አይሆንም። በሣጥኑ ላይ 768 ኪሎኸርዝ፣ 32 ቢት የሚለው ጽሕፈትም ማንንም አያስደንግጥ፤ በእጃችን ያለው ዘፈን አብዛኛው በሲዲው ልክ የተጻፈ ነውና።

በውጭ አገር ዘመድ አማካይነት ለሚያስመጡ ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአሜሪካ ያለው መብራት 120 ቮልት፣ በአገራችን ያለው 220 ቮልት ነው። ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር በውስጡ ያለውን ዕቃ በእኛ ሶኬት ላይ መሰካት በገዛ እጅ ማቃጠል ነው። ስለዚህ ከዩኤስቢ 5 ቮልት የሚወስደውን ወይም በቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል የተጻፈበትን መምረጥ ይበልጣል። ከዩኤስቢ የሚሠራው መብራት ሲጠፋም ከላፕቶፑ ባትሪ ጋር መዋሉ አንድ ትርፍ ነው፤ አምፕሊፋየሩ ቢጠፋም በጆሮ ማዳመጫ መስማት ይቻላል። ደግሞም ከመግዛት በፊት ስፒከሩን መመልከት ያስፈልጋል፤ ዩኤስቢ፣ የብርሃን ወይም የብሉቱዝ መግቢያ ያለው ባለ አምፕሊፋየር ስፒከር መለወጫው በውስጡ ነው። ብዙ መውጫ ያላቸው የፊልም ማሳያ አምፕሊፋየሮችም ብዙዎቹ በገመድ የገባላቸውን ድምፅ እንደ ገና ወደ ቁጥር መልሰው፣ በራሳቸው መለወጫ ዳግመኛ ያወጡታል። በእንዲህ ያለ ዕቃ ፊት ውድ መለወጫ ማስቀመጥ ንጹሕ ውሃ በእንስራ ተሸክሞ ወስዶ ከኩሬ ውስጥ እንደ መገልበጥ ይቈጠራል።

የቤቱ ጌታ ይህንን ሁሉ ከሰሙ በኋላ «እንግዲህ ገንዘቤን ምን ላድርገው?» ብለው ጠየቁ። የሳሎኑን ስፒከሮች አሳየናቸው። ሁለቱም በቡፌው መደርደሪያ ውስጥ፣ በብርጭቆና በፎቶግራፍ መካከል፣ እስከ ግድግዳው ተገፍተው ገብተዋል። አንድ ደኅና ስፒከር ባሱን ጠንከር አድርጎ ሲያሰማ ከድምፁ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ሊያበላሽ ይችላል፤ የዛሬ መለወጫ ግን የሚያበላሸው ከዚህ በብዙ መቶ እጥፍ ያነሰ ነው። ክፍሉ ደግሞ ከሁለቱም ይበልጥ ያበላሻል፤ ባዶ የሲሚንቶ ግድግዳና የሴራሚክ ወለል ድምፁን እየመለሱ ያስተጋባሉ። ስፒከሮቹን ከቡፌው አውጥተን፣ ሁለት ኩርሲ ላይ አስቀምጠን፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል አራቅናቸው፤ ከአልጋ ቤትም አንድ ምንጣፍ አምጥተን ከፊታቸው አነጠፍን። ይህን ለመለየት ሳንቲም መጣልም ጋቢ መጋረድም አላስፈለገም። እመቤቲቱ ስለ ቡፌው ባዶነት ጥቂት ከማጕረምረማቸው በቀር ተቃውሞ አልነበረም።

ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ የበገናውን ቀረጻ አጫወትነው። እንደ ታፈነ ነበር። በርካሹም በውዱም መለወጫ፣ በቡፌውም በኩርሲውም ላይ፣ አንድ ነው።

በገናን የሚያውቅ ሰው የጐደለውን ወዲያው ይረዳል። በገና ዐሥር አውታር አለው፤ በእያንዳንዱ አውታርና በብርኩማው መካከል እንዚራ የሚባል ትንሽ የቈዳ ቅንጣት ይገባል። አውታሩ ሲነካ በእንዚራው ላይ እየተንቀጠቀጠ ያንን የታወቀውን ጥልቅ ንዝረት ይሰጣል፤ ጥልቅ ይባል እንጂ በውስጡ እጅግ ከፍ ያሉ ብዙ ንዝረቶች አሉበት። በቀረጻው ላይ የአውታሩ ወፍራም ድምፅ አለ፣ እንዚራው ግን የለም። ልጅቱ የፋይሉን ጠባይ በኮምፒዩተሩ ላይ ተመለከተች። በ64 ኪሎቢት የተጨመቀ ኤምፒ3 ነው። በዚህ መጠን ሲጨመቅ ቦታ ለማትረፍ በቅድሚያ ተቈርጦ የሚጣለው ያ ከፍተኛው ንዝረት ነው። ደብዳቤው ሲገለበጥ ግማሹ ቃል ቀርቶአል፤ አንባቢውን ብንቀያይር ምን ይጠቅማል?

«ዋናው ካሴት የት አለ?» ብለን ብንጠይቅ ማንም አላወቀም ነበር። የእመቤቲቱ እናት፣ የበገና ደርዳሪው ባለቤት፣ እዚያው ቤት ይጦራሉ፤ ጆሮአቸው ስለ ደከመ እስከዚያች ሰዓት በነገሩ አልገቡም። የልጅ ልጃቸው ጠጋ ብላ «እማማ፣ የአባባ ካሴት የት ነው?» ብላ ጮኽ ብላ ጠየቀቻቸው። «ከሣጥኔ ውስጥ ነዋ፣ ከመግነዣዬ ጋር» አሉ።

ካሴቱ በሳምንቱ ወደ አንድ የቴፕ ባለሙያ ተወሰደ። ባለሙያው በመጀመሪያ የማጫወቻውን ሄድ በአልኮል አጸዳ፤ ቀጥሎም የሄዱን ዝንባሌ በትንሽ ጠመንጃ መፍቻ ከካሴቱ ጋር አስማማ። የካሴት ሪባን ስፋቱ ከ4 ሚሊሜትር ያነሰ፣ ፍጥነቱም በሴኮንድ ከ5 ሴንቲሜትር ያነሰ ስለ ሆነ፣ ሄዱ በጥቂቱ ከተዘነበለ ከፍተኛው ንዝረት ይጠፋል። በቀድሞው ግልበጣ ጊዜ ይህ እንዳልተደረገ ወዲያው ታወቀ። ከዚያም በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት፣ ሳይጨመቅ ቀዳው። የጠየቀው ዋጋ ከ900 ዶላሩ ሃያኛውን እንኳ አይሞላም ነበር።

አዲሱን ፋይል የሰማነው በዚያው ርካሽ ገመድ ነው። የሪባኑ ሹክሹክታ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ይህ የካሴት ጠባይ ነው። ከሹክሹክታው ውስጥ ግን እንዚራው መጣ። የሰውየው ድምፅ ራሱ ከበገናው ተለይቶ ወጣ፤ ከቃሉ በፊት ትንፋሽ ሲስቡ ይሰማል። የቤቱ ጌታ በወንበራቸው ላይ ጐንበስ ብለው ቀሩ። በሁለተኛው መዝሙር መጨረሻ ላይ፣ በድሮው ፋይል ማንም ሰምቶት የማያውቅ አንድ የሴት ድምፅ ከሩቅ ይመጣል፤ «በሩን ዝጉት፣ ብርድ ገባ» ይላል። ልጅቱ መልሳ መላልሳ አጫወተችው፤ በጆሮ ማዳመጫም ለአያቷ አሰማቻቸው።

«እኔ ነኝ፤ እንዲያ ጮኽ ብዬ ነበር እንዴ የምናገረው?» አሉ።

የጓዳው ጣራ በግንቦት ወር ተለወጠ። የዋሽንግተኑ ወንድም ለፋሲካ ሲመጣ ያመጣው ኢሶሌተሩንና ሁለት የስፒከር መቆሚያዎችን ነው፤ ሲመለስ ግን የአባቱን ፋይል ሳይጨመቅ ይዞ ሄደ። የካሴቱ ሁለተኛ ገጽ ገና አልተቀዳም። ሪባኑ አንድ ቦታ ላይ ተጣጥፎ ስለ ተገኘ፣ ባለሙያው ወደ ሌላ አዲስ ሣጥን አዛውሮ ሊሞክረው ቀጠሮ ሰጥቶአል።